ማክሰኞ ምን አጠፋ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰላም ናችሁ ወዳጆች፣ እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገራችሁ። ስለ ትምህርት ቤት ክፍያ የጻፋችሁልኝ ብዙ ናችሁ፣ እሱን ለሚቀጥለው ላቆየውና ዛሬ ጡረታ ከወጡ ሰዎችና ከልጆቻቸው የመጡትን ሦስት ደብዳቤ ብቻ ልመልስ። ሦስቱም ስለ አንድ ወቅት ነው፣ ክረምቱ ወጥቶ አደይ አበባው ሲፈነዳ ስለሚመጣው ግርግር።

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጅ ጤና ይስጥልኝ። እኔ የ61 ዓመት ሴት ነኝ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ሳስተምር ኖሬ አምና ሰኔ ላይ ጡረታ ወጣሁ፣ ባለቤቴ ከኔ ሦስት ዓመት ቀድሞ ነው የወጣው። ቤታችን አየር ጤና ነው። እሱ ጡረታ እንደወጣ ሰሞን ቤት ውስጥ ሲንጎራደድ ይውልና ድስት እየከፈተ ጨው በዛ ጨው አነሰ ሲል መከራችንን ያበላን ነበር፣ በኋላ የድሮ የሥራ ባልደረቦቹ አንድ ቀን እንጦጦ ይዘውት ወጡ፣ በቃ ከዛ ወዲህ ሌላ ሰው ሆነ። ቅዳሜ በሌሊት ተነስቶ ከዘራውን ይዞ ውልቅ ነው። ስልኩ ላይ እርምጃ የሚቆጥር ነገር ጭኖ "ዛሬ 14 ሺ ገባሁ" ይለኛል። መጀመሪያ እሰይ ብዬ ነበር እውነቴን ነው፣ እኔም አንዳንዴ አብሬው ሄጃለሁ፣ ደስ ይላል። ችግሩ መስከረም ሲጠባ ነው። እንቁጣጣሽ አለ፣ ደመራ አለ፣ መስቀልን የሱ ቤተሰቦች ጋ ቡኢ አካባቢ እንሄዳለን (እሱ ሶዶ ጉራጌ ነው)፣ ከዛ የሰርግ ጥሪው ይጀምራል፣ ክርስትና አለ፣ የማርያም ማኅበር አለብኝ፣ ዘንድሮ ደሞ ልጃችን ከነ ሚስቱ ከውጪ ይመጣል። አምና ጥቅምት ላይ የእህቴ ልጅ ሰርግ ቅዳሜ ሆኖ እሱ ወንጪ ካልሄድኩ ብሎ ሁለት ሳምንት ተኳርፈናል፣ ጓደኞቹ መሀል ገና ሥራ ላይ ያሉ ስላሉ ከቅዳሜ ውጪ አይሆንም ነው የሚለው። አሁን ደሞ ሙዚየምም እንይ፣ አገራችንን ሳናውቃት ልንሞት ነው ማለት ጀምሯል። እኔ ደም ግፊት አለብኝ፣ ኪኒን እወስዳለሁ። ሁሉንም እንዴት እናድርገው? ወይስ አንዱን እንተወው? — መምህርቷ፣ ከአየር ጤና

መልስ፦ እትዬ፣ ደብዳቤዎን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ ሳነብላት መሀል ላይ አቋረጠችኝና "ይሄን እኔ አይደለሁ እንዴ የጻፍኩት?" አለችኝ። እኔም ያው ከዘራ ይዘው ከሚወጡት ወገን ነኝ፣ ስለዚህ ዳኝነቴን ትንሽ ጠርጠር አድርገው ያንብቡት።

መጀመሪያ ካሌንደር ያውጡና ሁለታችሁም ጠረጴዛ ላይ ቁጭ በሉ። እስከ መስከረም 25 ያለው በባሕረ ሐሳቡ ገና ክረምት ነው፣ መፀው የሚገባው መስከረም 26 ነው (ሬዲዮውም ቲቪውም በመስከረም ፀደይ ገባ ሲል ትሰማላችሁ፣ ፀደይ እኮ ከመጋቢት 26 በኋላ ያለው ነው፣ እሱን ለማረም ከሞከርኩ ሃያ ዓመቴ፣ ተስፋ ቆርጬ ትቼዋለሁ)። እስከዛ ድረስ ተራራው ጭቃ ነው፣ ደመናው ወርዶ እፊትዎ ቆሞ ምንም አያሳይም፣ ስለዚህ እስከ መስከረም 25 ያሉት ቅዳሜዎች በሙሉ ያለ ክርክር የቤተሰብ ናቸው። ባልዎ እዚህ ላይ ምንም የሚያጣው ነገር የለም።

ከሌላኛው ጫፍ ደሞ ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል፣ ጾም ከገባ እስከ ገና ሰርግ የለም፣ ከገና በኋላም አብዛኛው ደጋሽ ጥምቀትን ነው የሚጠብቀው። የሙስሊም ጎረቤታችሁ ኒካ ይሄን ካሌንደር አያውቀውም እንጂ ብዙው የጥሪ ወረቀት እዛጋ ይቆማል። ተራራው ግን አይጾምም! ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ መንገዱ ደርቋል፣ ብርዱ ጠዋት ያንቀጠቅጣል እንጂ አራት ሰዓት ላይ ጃኬት ያስወልቃል። ታዲያ ወንጪንና ሩቅ ሩቁን ለምን ጥቅምት ላይ ከሰርግ ጋር ያጋጩታል? ወንጪ ከአዲስ አበባ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከንፈሩ ላይ 3,386 ሜትር ይደርሳል፣ ታኅሣሥ ላይ ሐይቁ መስታወት ነው። ከጓደኞቹ ጋር ያለውን የቅዳሜ ፕሮግራም ወደዛ ይውሰደው።

እንግዲህ የሚያጣላችሁ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 14 ያለው ብቻ ነው። ቁጠሩት፣ 49 ቀን ነው፣ ሰባት ቅዳሜ። ሁለት ሳምንት የተኳረፋችሁት በሰባት ቅዳሜ ነው ማለት ነው!

አሁን ደሞ ለባልዎ ብቻ የምለው አለኝ፣ ያንብቡለት። ወንድሜ፣ ጡረታ ወጥተህ ቅዳሜን መጠበቅ ምን ይሉታል? እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ እንደዛ ነበርኩ፣ ሠላሳ ምናምን ዓመት ቅዳሜን ስንጠብቅ ስለኖርን እግራችን ራሱ ሌላ ቀን አይነሳም። ማክሰኞ ምን አጠፋ? ማክሰኞ ጾም አይደለ፣ ሰርግ የለበት፣ እንጦጦ ላይ ፎቶ የሚነሳው ሙሽራና ሚዜው የለ፣ የቅርብ የቅርቡን ማክሰኞ ከሚስትህ ጋር ውጣ፣ ጓደኞችህ ሥራ ላይ ይሁኑ። የኛ ቤት ሰላም የወረደው ማክሰኞን ካገኘናት ወዲህ ነው፣ ከዛ በፊት የነበረውን ባለቤቴ ትንገራችሁ።

ወደርስዎ ልመለስ። ደም ግፊት ስላለብዎት ከመጀመርዎ በፊት ይለኩና ሐኪምዎን ይጠይቁ፣ ይሄን ዝም ብዬ ለወጉ አይደለም የምለው። ብዙ ሰው ደሞ መንገድ ሲሄድ ሽንት ያበዛብኛል ብሎ የዛን ቀን ኪኒኑን ይዘላል፣ እባክዎ አይዝለሉ፣ ሐኪሙን ሰዓቱን ማዛወር ይቻል እንደሆነ ይጠይቁት እንጂ። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ለከፍታው አዲስ አይደሉም፣ ቢሆንም እንጦጦ ማርያም ጋ ስትደርሱ 3,000 ሜትር አካባቢ ናችሁ፣ እዛ ትንፋሽ ያጥራል። መለኪያው ቀላል ነው፦ እያወራችሁ መሄድ ካቃታችሁ ፈጥናችኋል። ደረት ላይ መጫን ወይ ማዞር ካለ እዛው ቁጭ ነው፣ "ትንሽ ነው የቀረን" የሚለውን ባል አለመስማት። ጉልበት ደሞ የሚጎዳው ሽቅብ ሲወጡ ሳይሆን ቁልቁል ሲወርዱ ነው፣ እኔ አዲስ ጫማ አድርጌ እየሮጥኩ ወርጄ አንድ ወር በረዶ ይዤ ተቀምጫለሁ። ከሽሮ ሜዳ በላይ በእግር ውጡና መውረጃውን በመኪና አድርጉት፣ ማንም አይፈርድባችሁም። እዛ መንገድ ላይ እንጨት ተሸክመው በኮንጎ ጫማ የሚወርዱትን እናቶች ታገኛላችሁ፣ ሸክማቸው ከነሱ ይበልጣል፣ ከነሱ ጎን ቆሞ "14 ሺ ገባሁ" ማለት እንኳ ያሳፍራል።

እንጦጦ ከሄዳችሁ አይቀር ዝም ብላችሁ አትውረዱ። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት እዛው እንጦጦ ማርያም ነው፣ በ1882፣ ግቢው ውስጥ ሙዚየም አለ፣ ጭቃና እንጨት የሆነው ቤተ መንግሥታቸውም አጠገቡ ነው። ያንን ቤት አይቶ ታች ከተማውን ማየት ነው ደስ የሚለው፣ እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃውን ብለው ወደታች ባይሳቡ ዛሬ ሁላችንም እዛ ብርድ ላይ ነበርን።

ሁለተኛው የማክሰኞ ቦታ የመናገሻ ሱባ ደን ነው፣ ለናንተ ከአየር ጤና በሰበታ በኩል ቅርብ ነው፣ ግን መንገዱ እስኪደርቅ ጥቅምትን አጋምሱ። ጥዱን ያስተከሉት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው ይባላል፣ ዘሩ ከወፍ ዋሻ መጥቶ። ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ሲዘል ታያላችሁ። እና ኮሶ ዛፍ አለ፣ እውነተኛው ኮሶ፣ ቀይ ቀይ ዘለላው የተንጠለጠለ። ይሄን ያነሳሁት በምክንያት ነው፣ መስቀል ላይ ጥሬ ክትፎውን እንደ ጉድ ስንበላ ከርመን ጥቅምት ላይ ደሞ "በጥቅምት አንድ አጥንት" እያልን ስንቀጥል አያቶቻችን ከድግሱ በኋላ ወዴት ይሄዱ እንደነበር ዛፉ ያስታውሳል። አሁን ኪኒን አለ፣ ኮሶውን በቤታችሁ አትሞክሩት፣ ክትፎውን ግን ለብ ለብ ማስደረግ ነውር አይደለም። እና ክትፎ በበሉ ማግስት ተራራ የለም። ቅቤው ራሱ ተራራ ነው።

አሁን ሙዚየም ካሉት፣ ይሄ ነው እኔን ያስገረመኝ። እርስዎና ባልዎ በየዓመቱ ለመስቀል ቡኢ ትሄዳላችሁ። ከአየር ጤና በዓለም ገና አድርጋችሁ የቡታጅራን መንገድ ማለት ነው። በዛ መንገድ ላይ ስንት ነገር በመኪና መስኮት እንዳለፋችሁ ታውቃላችሁ? ገና አዋሽን ስትሻገሩ መልካ ቁንጡሬ አለ፣ ሰው ከሁለት ሚሊዮን ዓመት ጀምሮ የኖረበት፣ የድንጋይ መሣሪያው ከነ ዱካው የተገኘበት ቦታ ነው፣ በፈረንጆቹ 2024 ዩኔስኮ መዝግቦታል። ከዛ ትንሽ ገባ ብሎ አዳዲ ማርያም አለች፣ እንደ ላሊበላዎቹ ከመሬት ወደታች የተፈለፈለች፣ በንጉሥ ላሊበላ ዘመን እንደተሠራች ነው የሚተረከው፣ ላሊበላ ለመሄድ ዓመት ሙሉ ብር የሚያጠራቅም ጎረቤት አለኝ ይቺን አያውቃትም። ከዛ ደሞ ጢያ፣ እሱማ የባልዎ የሶዶ ልጆች ደጅ ነው፣ 36 ትክል ድንጋይ፣ 32ቱ ላይ ጎራዴና ሌላም ምልክት ተቀርጿል፣ ከሥራቸው መቃብር ነው። ዩኔስኮ የመዘገበው በ1980 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር፣ ማለትም እርስዎ ልጅ እያሉ ነው። "አገራችንን ሳናውቃት ልንሞት ነው" ያለው ሰውዬ በየዓመቱ በአጠገቡ ጥሩምባ እየነፋ ነው የሚያልፈው!

ስትሄዱ ግን አትቁሙ፣ ስትሄዱ ደንጌሳት፣ የጉራጌው የመስቀል ሥርዓት፣ እንዳያመልጣችሁ ትቸኩላላችሁ፣ እናቱ ጣባውን አዘጋጅተው በር በር እያዩ ነው። ስትመለሱ ነው የሚሻለው፣ ከበዓሉ ሁለት ቀን በኋላ፣ በጠዋት ተነስታችሁ፣ ቆጮውን ኋላ ጭናችሁ። ልጃችሁና ሚስቱ አብረው ካሉ ደሞ ይሄ ለነሱም ነው፣ ከውጪ የመጣ ልጅ ቤት ለቤት እየዞረ ቡና ሲጠጣ ብቻ ሰንብቶ ይመለሳል፣ አንድ ቀን እንኳ ከአባቱ ጋር ሜዳ ላይ ቆሞ ድንጋይ ይይ።

ስለ ሰርግ አጭር ነው የምለው። እኛ በዚህ ዕድሜ የምንጠራው ለምርቃት ነው። ምሳ ላይ ደርሶ፣ ሙሽሮቹን መርቆ፣ ቤተሰቡን ስሞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መውጣት ይቻላል፣ ከዛ በኋላ ያለው የዲጄው ነው፣ እሱ ደሞ ጆሮ አይምርም። የቅርብ ዘመድ ከሆነ መልሱን አትቅሩ፣ የምትጫወቱት እዛ ነው። የሩቅ ጥሪ ከሆነ አንዳችሁ ሂዱ፣ ሁለታችሁ አንድ ቤት ናችሁ፣ ስጦታውም አንድ ነው። የእህት ልጅ ሰርግ ግን የሩቅ ጥሪ አይደለም፣ እዚህ ላይ ባልዎ ጥፋተኛ ነው፣ ከዘራዬን አስቀምጬ ነው የምፈርደው። ልቅሶ ላይ ደሞ ካሌንደር የለም፣ ማክሰኞም ይሁን ቅዳሜ ተራራው ይቆያል።

አንድ ረስቼ፣ ከመስቀል ቀጥሎ ባለው ቅዳሜና እሑድ ኢሬቻ ነው፣ ቅዳሜ ሆራ ፊንፊኔ እሑድ ሆራ አርሰዲ ቢሾፍቱ። ለማክበር ከሆነ የምትሄዱት መልካም፣ ካልሆነ ግን ባልዎ በዛ ቅዳሜና እሑድ ዝቋላ ወይ የረር ልውጣ እንዳይል፣ መንገዱ ይዘጋል። ከከተማ ሳትወጡ ደሞ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ያለው የኢትኖሎጂ ሙዚየም አለ፣ የድሮው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ የጃንሆይን መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤት ሳይቀር ታያላችሁ። የኔ ባለቤት ከሁሉ የወደደችው እሱን መታጠቢያ ቤት ነው፣ ለምን እንደሆነ እስካሁን አልነገረችኝም።

ማኅበሩን አልነካሁትም፣ እሱ የርስዎና የእመቤታችን ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም፣ እኔ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። እናትና አባቴ (70 እና 66 ናቸው) ከአዲስ አበባ መጥተው እኔ ጋ ናቸው፣ መስቀልን እዚህ ቤተክርስቲያን አክብረን አሪፍ ነበር፣ አሁን ግን ቀኑን ሙሉ ሶፋ ላይ ቁጭ ብለው የኢትዮጵያ ዜና ነው፣ እኔም ባሌም ሥራ ነን። አባዬ አገር ቤት እያለ በእግሩ ካልሄደ አይሆንለትም ነበር። ሼናንዶዋ ልወስዳቸው አስቤ ነበር ግን ተራራ ስለሆነ ልባቸው ምናምን ብዬ ፈራሁ፣ ምን ትላለህ?

መልስ፦ እህቴ፣ የአባትሽን ልብ እኔ ከዚህ ሆኜ ላይልሽ አልችልም፣ ሕመም ካለበት ሐኪም ይጠየቅ፣ ከፍታው ግን አያስፈራሽ። የሼናንዶዋ ፓርክ ትልቁ ጫፍ ሀውክስቢል 1,235 ሜትር ነው፣ የአዲስ አበባ ግማሽ አካባቢ ማለት ነው፣ አባትሽ እዛ ወጥቶ አዲስ አበባ ካለው መኝታ ቤቱ የተሻለ አየር ነው የሚያገኘው! የሚያስቸግረው ድንጋዩና ቁልቁለቱ ነው፣ ኦልድ ራግ የሚባለውን ገደል መቧጠጥ ያለበትን አትውሰጃቸው። ስካይላይን ድራይቭ 105 ማይል ነው፣ ተራራው ጀርባ ላይ የሚሄድ መንገድ ስለሆነ እየነዳችሁ ማያ ቦታዎቹ ላይ እየቆማችሁ አጭር አጭር መንገድ መሄድ ትችላላችሁ። ቅጠሉ የሚያምረው ከኦክቶበር አጋማሽ በኋላ ነው፣ ቅዳሜና እሑድ ግን መግቢያው ላይ ሰልፍ ነው፣ አንድ ቀን ፈቃድ ውጪና በሥራ ቀን ሂዱ (ከላይ ለመምህርቷ ያልኩትን አንብቢው)። ወላጆችሽ ግሪን ካርድ ወይ ዜግነት ካላቸው ከ62 ዓመት በላይ ስለሆኑ በ80 ዶላር ለዕድሜ ልክ የሚያገለግል የፓርክ መግቢያ ካርድ ማውጣት ይችላሉ፣ አብሯቸው መኪና ውስጥ ያለውንም ያስገባል፣ በጉብኝት ቪዛ ከሆነ የመጡት ግን አይመለከታቸውም።

እናትሽ "ይሄ ሁሉ ዛፍ በሽታ ገባበት እንዴ?" ካለችሽ አትሳቂ። እኛ አገር መስከረምና ጥቅምት ሁሉ ነገር የሚያብብበት ነው፣ ቅጠል የሚረግፍበት አይደለም፣ እናቴም የዛሬ አሥር ዓመት እህቴ ጋ ሄዳ ያለችው ይሄንኑ ነው፣ ቀይ ቅጠል ለቅማ ግን በሻንጣዋ ይዛ መጣች፣ እስከ ዛሬ መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ አለ። ስንቁን ሽሮ ፍትፍት አድርጊው፣ ከቴርሞስ ቡና ጋር። ለሌላው ቀን ዲሲ የስሚዝሶኒያን ሙዚየሞች በነጻ ናቸው፣ በሜትሮ ራሳቸው ሄደው እንዲመለሱ ሁለቴ አብረሽ አሳያቸውና በሦስተኛው ተያቸው። ከዜናውና ከሶፋው ላይ የሚነቅላቸው እሱ ነው፣ ራሳቸው መሄድ መቻላቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አባቴ ጡረታ ከወጣ ወዲህ በየሳምንቱ ከተራራ ላይ 60 እና 70 ፎቶ የቤተሰቡ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይለቃል፣ ከዛ የክርስትናውንም የሰርጉንም። ስልኬ ሞላ። በምን ዘዴ ላስቆመው? — ልጁ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ልጄ፣ ግሩፑን ሚውት አድርገውና ፎቶው ራሱ እንዳይወርድ ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ አውቶ ዳውንሎዱን አጥፋው፣ ስልክህ ይተነፍሳል። አባትህን ግን አታስቁመው። በየሳምንቱ ከ70ው አንዱን መርጠህ "አባዬ ይቺ የት ነች?" ብለህ ጻፍለት፣ መልሱ በድምፅ ይመጣልሃል፣ ስምንት ደቂቃ ነው፣ ታክሲ ውስጥ ሆነህ አዳምጠው።